በወንፊት የነፋሁት አቧራ

ካይሮ ውስጥ አቧራ ከፍሎ ያስመረመረ ሐበሻ ካለ እኔ ነኝ። አቧራ በነጻ በሚታደልበት ከተማ! ያደግኩት መርካቶ በርበሬ ተራ ነው፤ ፊደል ከቆጠርኩበት ጊዜ ጆንያ ላይ የተቀመጥኩበት ይበልጣል። ብዙ ነገር ሸጫለሁ፤ ብዙ የማይረባ ነገርም ተሸጦብኛል። አቧራዬን በላስቲክ ቋጥሬ ሐኪም ቤት ወረፋ እጠብቃለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ይህን የምጽፈው እንደኔ ብቻውን የሚኖር፣ ሲያስል "ብርድ ነው፣ ያልፋል" እያለ መስኮት የሚጠረቅም ሰው ካለ አንድ ጊዜ ቆም እንዲል ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ደረት የራሴን ብቻ ነው።

በላይነሽ እባላለሁ፤ ልጆቹ እትዬ በላይ ይሉኛል። ልጆቹ የምላቸው አልወለድኳቸውም። ኒው ካይሮና ሸይኽ ዛይድ በሚባሉ የሀብታም ሰፈሮች ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ናቸው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እሸጥላቸዋለሁ። በዕረፍት ቀናቸው ናስር ሲቲ እኔ ቤት ይመጣሉ። በርበሬው ሰበብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ "ሓድር ያ ማዳም"፣ እሺ እመቤቴ፣ ሲል የከረመ አፍ እኔ ቤት ሲደርስ ይፈታል። ጫማ ወልቆ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ አንዷ ስታማ ሌላዋ ስትተኛ ይውላሉ። ማታ ጥርግ ብለው ሲሄዱ ቤቱ እንደተራገፈ ጆንያ ባዶ ይሆናል። ያንን ባዶነት ለምጄው ነበር። ለሳምንት ብቻ ነው፤ ይመለሳሉ።

ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ከነዕቃው ነው የተከራየሁት። ዕቃ ስል አንድ ሶፋ፣ አንድ ፍሪጅና አንድ ኒሽ ነው። ኒሽ የሚሉት የሙሽራ ሸክላና ብርጭቆ የሚደረደርበት ባለመስታወት ቁም ሳጥን ነው፤ ግብጽ ውስጥ ያላገባችም ሴት ስለ ኒሽ ታወራለች። የቤቱ ባለቤት ማዳም ናዲያ ቁልፉን ስትሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው።

"ቤቱ ያንቺ ነው። ኒሹ ግን የኔ ነው። እንዳትከፍቺው፣ እንዳታንቀሳቅሺው።"

"ማዳም፣ አይቼው ከሆነ እንኳ እንዳላየሁት ቁጠሪው" አልኳት። ቃሌን ጠበቅሁ። መኝታ ቤቱን ዕቃዬ ስለያዘው ሶፋው ላይ ነበር የምተኛው፤ ራስጌዬ ከኒሹ ጎን።

ሕመሙ የጀመረው በክረምታቸው መግቢያ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ማሳል መጣ። ከዚያ ደረቴ ውስጥ ፉጨት ገባ። ያለ ኪራይ የገባ ተከራይ ነው፤ ቀን ተኝቶ ይውልና ልተኛ ስል ያፏጫል። ሰፈር ያለው ፋርማሲስት ቀና ብሎ ሳያየኝ "ሐሳሲያ" አለኝ። የማይስማማ ነገር አለ፣ ሰውነትሽ ተቆጥቷል ማለቱ ነው። ካይሮ ውስጥ ሐሳሲያ አለብህ ያልተባለ ፍጡር የወንዙ ድልድይ ላይ የተቀመጡት የነሐስ አንበሶች ብቻ ናቸው። ክኒን ሰጠኝ፤ ዋጥኩ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሳ ተከራዩ እዚያው ነው።

ሙሉ የምትባል ልጅ አለች፤ ሸይኽ ዛይድ ነው የምትሠራው፣ የጎጃም ልጅ ናት። ከሁሉም አብልጣ እኔን ታያለች፤ እኔም እሷን አያለሁ። ሳስል አይታ አላስችል አላት።

"ቤቱ እኮ ንፋስ ያስገባል እትዬ! ሻማ ቢበራ ይጠፋል።"

"ሻማ የሚበራልኝ ገና ነው ሙሉ፤ አልሞትኩም።"

"ዝም በይ! ምች ነው የመታሽ። ላብ ይዞሽ መስኮት ከፍተሽ ይሆናል።"

ካርቶን የምናሽግበትን ስኮች አንስታ ወንበር ላይ ወጣች። የሳሎኑን መስኮት ዙሪያውን አሸገችው። ወደ መንወር የሚከፈተውን የመታጠቢያ ቤቱን ትንሽ መስኮትም አሸገች፤ መንወር ማለት በፎቆቹ መሀል ያለው የአየር ጉድጓድ ነው። መቀስ ስላጣች ስኮቹን በጥርሷ እየበጠሰች፣ ጠርዝ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየተጫነች። በሩ ሥር አሮጌ ነጠላ ጠቅጥቃ ወረደችና እጇን አራገፈች።

"አሁን ንፋስ መግባት ከፈለገ ያንኳኳ" አለች።

የዚያን ቀን እንደ ሕፃን ተጠቅልዬ ሻይ ጠጣሁ። ሰው እንዲያ ከሸፈነኝ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። እኛ ሐበሾች እንዲህ ነን፤ አንበሳ አንፈራም፣ ንፋስ እንፈራለን። አውቶቡስ ውስጥ በሐሩር ቀን መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ባሰብኝ። ሳስል ጎድኔን እስኪወጋኝ ሆነ። ልጆቹ ፊት አፌን በነጠላ ይዤ ወደ ኩሽና እሮጣለሁ። እነሱም እርስ በርስ ሲተያዩ አያለሁ።

የደረት ክሊኒክ ሄድኩ። የተያያዘ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሁላችንም ተደርድረን እናስላለን፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። እኔ ሳስል ግን በግራም በቀኝም ያሉት ተነሡ። ጥቁር ስታስል ሌላ በሽታ ነው መሰለኝ። ከፊት ለፊቴ አንዲት ጥቁር የለበሰች አሮጊት ነበረች። ዩሱፍ አፈንዲ የሚሉትን መንደሪን ልጣ መጣችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ግማሹን እጄ ላይ አደረገችልኝ። ስጠራ "አላህ ይማርሽ" አለችኝና ልጣጩን ሰብስባ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያንን ግማሽ መንደሪን እስከ ዛሬ እየበላሁት ነው።

ሐኪሙ አክታ ይመርመር አለ፤ ሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን። ውጤቱን የጠበቅሁበትን ጊዜ አልተርክም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። ነጻ ነሽ ተባልኩ። ነገር ግን "እትዬ በላይን ሳንባ መረመሯት" የሚለው ወሬ በማይክሮባስ ሄደ፤ "ነጻ ናት" የሚለው በእግሩ ነው የሄደው፤ አሁንም መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። አልፈርድም። የሰው ልጅ አቅፈው ነው የሚውሉት፤ ማዳሞቻቸው አንድ ሳል ከሰሙ ሻንጣቸውን ደጅ ያወጡታል።

ሙሉ ደወለች።

"እትዬ... ማዳም ሰምታለች። 'እዚያ ቤት ከሄድሽ እዚያው ቅሪ' አለችኝ። ሕፃኗ አለች፣ ያዕኒ፣ ማለቴ..."

"ልክ ናት። አትምጪ።"

"ተቀየምሽኝ?"

"ለምን እቀየማለሁ? ሽሮ አለቀብሽ?"

"አላለቀብኝም።"

"እንግዲያው ምን አጣሽ። ኸላስ፣ በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

ስልኩን ዘግቼ ለሁለት ሰው የሠራሁትን ሽሮ አየሁት። ብቻዬን በላሁት። ነጋዴ ዕቃ አያበላሽም።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ይኼኛው ገና በር ስገባ አፍንጫውን ነፋ አደረገ። "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለ። "ቅመም" አልኩ። ብዕሩን ዘጋ። "በቃ፣ እሱ ነው። የበርበሬው ብናኝ ሳንባሽን አቃጥሎታል። ተዪው።" ለማመን ቀላል ነበር፤ እኔም አመንኩት። በርበሬዬን፣ ሚጥሚጣዬን፣ እስከ ወንፊቱ ድረስ ያለውን ዕቃ፣ ዕድሜ ልኬን ስቀድማት ለኖርኳት ሌላ ነጋዴ አስረከብኩ። ወንፊቱን ብቻ መልሼ ወሰድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የእናቴ ነበረ።

በርበሬ የሌለበት ቤቴ ሽታ አልነበረውም። ሰውም አልነበረውም። ሳሉ ግን ነበረ። ሌሊት ተቀምጬ አድራለሁ፤ ጋደም ካልኩ አየር ያጥረኛል። የምሰማው የፍሪጁን ሆድ ብቻ ነው። ውጭ ካይሮ አለች፣ ማንም የማይተኛባት ከተማ፤ ግን ስኮቹ ድምፅም አያስገባም። እንዲህ እንዳለሁ ብሞት የምታገኘኝ ማዳም ናዲያ ናት ብዬ አስብ ነበር፤ እሷም ደግሞ መጀመሪያ ኒሹን ነው የምታየው።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ንግሥት በየቀኑ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። "ነይ አገርሽ ግቢ፣ ጸበል ትጠመቂያለሽ።" ነይ ስትል ከልቧ ነው፤ ሆኖም እዚያ ያለው ቤት በኔ ትከሻ ነው የቆመው፣ እሱንም ታውቃለች። ስለዚህ አንዴ ነይ ትላለች፣ አንዴ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ነው የከበደኝ። በመጨረሻ ጸበሉን በመንገደኛ ላከችልኝ።

ጸበሉ በደረሰ ሳምንት ኒው ካይሮ ያሉ የአገሬ ሰዎች ልጃቸውን ሊድሩ ሴት ወጥ ሠሪ ፈለጉ። ሥራ ፈት ነበርኩና ሄድኩ። ጣሪያ ላይ ያለች የሠራተኛ ክፍል ሰጡኝ፤ የመስኮቷ መስታወት የለም። ካርቶን ለመንኩ፣ ጠፋ። ያ ሁሉ የበረሃ ብርድ እላዬ ላይ! ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጸበሌን ጠጥቼ፣ ተናዝዤ ተኛሁ። ስነሳ ነግቷል። አላሳለኝም። ቀኑን ሙሉ የሽንኩርት ተራራ ከተፍኩ፣ በርበሬ አቁላላሁ፤ ዓይኔን አስለቀሰኝ እንጂ ደረቴን አልነካኝም። ሰርጉ እስኪያልፍ ድረስ ተከራዩ አልተመለሰም። "ጸበሉ ነው" አልኩ፤ ለንግሥት ደውዬ እልል አልንበት።

ናስር ሲቲ ተመለስኩ፤ በሬን ዘጋሁ፤ ሶፋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ሳይመሽ ፉጨቱ ጀመረ። ጸበሉ አለቀ ማለት ነው ብዬ አዘንኩ።

ሦስተኛዋን ሐኪም ያገኘኋት ከዚህ በኋላ ነው፤ ድሃ በሚታከምበት ሆስፒታል የምትሠራ ወጣት ሴት። ረጅም ወረፋ ነበረና ለማሳጠር ነገሩን እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ ጸበሉን፣ ሰርጉን፣ የተሰበረውን መስኮት። መጻፏን አቆመች።

"ድገሚልኝ። እዚያ በርበሬ እያቁላላሽ አላሳለሽም?"

"አላሳለኝም።"

"ቤትሽ ገብተሽ ግን ዕለቱን ተመለሰ?"

"ዕለቱን።"

"ቤትሽ መስኮት ትከፍቻለሽ?"

"ታምሜ? ዶክተር፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ልድን ነው።"

ሳቀች። ከዚያ በቀስታ አስረዳችኝ። በርበሬው ቢሆን ኖሮ እዚያም ያሳልሽ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ምናልባት ሻጋታ። ሻጋታ ሲያብብ ዓይን የማያየው ዘር ይበትናል፤ በአየር ይንሳፈፋል፣ ይተነፈሳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አስም ያስነሣል። ቤቴ ንጹሕ ነው አልኳት፣ ወለሌ ላይ እንጀራ ይበላል። "ስለ ንጽሕናሽ አልጠየቅሁሽም፤ ስለ እርጥበቱ ነው" አለችኝ። ግድግዳዬ ነጭ ነው፣ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ምንም የለበትም አልኳት።

"እንግዲያው ተደብቆ ይሆናል። አቧራ አምጪልኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ያለ ላብራቶሪ እንልከዋለን።"

"ዶክተር፣ ካይሮ ውስጥ አቧራ ካስፈለገ መስኮትዎን መክፈት ነው።"

"የውጭውንማ ከደረጃችሁ ታመጪልኛለሽ። ሁለቱን እናወዳድራለን። አየር ዛሬ ያለው ነገ የለም፤ አቧራ ግን ቤት ውስጥ ሲንሳፈፍ የኖረውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።"

እንግዲህ ልብ በሉ። የቤቴን አቧራ የተማረ ሰው ሊያየው ነው። በመጀመሪያ ቤቱን ወለወልኩት፤ እንግዳ የሚመጣ ያህል። ቀጥሎ ከሶፋው ሥር የተረፈውን ሰበሰብኩ። ጸጉር አለበት፣ ፍርፋሪ አለበት፣ የክር ቁራጭ አለበት። አፈርኩ። ወንፊቴን አወጣሁና ነፋሁት። እንደ ምስር ዱቄት ላመ። በንጹሕ ላስቲክ ቋጥሬ ይዤላት ሄድኩ።

ዶክተሯ ላስቲኩን ወደ መብራቱ አነሣችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራዬ።"

"ለምን እንዲህ ላመ?"

"ነፋሁት።"

"ምን አደረግሽው?"

"ጸጉር ነበረበት ዶክተር፤ ሰው ፊት እንዴት..."

"በምን ነፋሽው?"

"በበርበሬው ወንፊት።"

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ነርሷን ጠርታ አሳየቻት፤ ነርሷ በሩ ላይ ላሉት ነገረች። ለብዙ ጊዜ ሰው አላሳቅሁም ነበርና አልከፋኝም። "ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ያ ሲት በላይነሽ" አለችኝ፣ "ይሄን ብልክ ላብራቶሪው ቅመም ነው የሚያገኝልኝ። ሂጂና ከማትደርሺበት ቦታ አምጪ። ሳታሳምሪው።"

በመርካቶ ጆንያ በአፉ አይገዛም፤ ከላይ ያለው ለዓይን የተሠራ ነው፣ እጅህን እስከ ክንድህ ከትተህ ከመሀሉ ታወጣለህ። ይህንን እያወቅሁ ነው መጀመሪያ የተሞኘሁት። አሁን ወንበር ላይ ወጣሁ። ከበሩ ጉበን ላይ፣ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከኒሹ አናት ላይ ወሰድኩ። አናቱን መንካት ማንቀሳቀስ አይደለም። የኒሹ አናት አቧራ ወፈር ያለ ነው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። አሸተትኩት። ዝናብ የመታው ጆንያ ነው የሚሸተው።

ወንበሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሻጋታ የነካው በርበሬ ከሆነ ገና ጆንያው ሳይፈታ "መልሰው!" የምል ሴት ነኝ። በዚህ አፍንጫ ነው እንጀራ የበላሁት። የራሴን ቤት ግን አልሸተትኩም። አፍንጫ ለለመደው ነገር ምስክር አይሆንም።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የደረጃው አቧራ አሸዋና ውጭ ያለው ሁሉ ነው፤ ማንኛውም የካይሮ ቤት በር ላይ የሚገኝ። የቤቴ ግን እርጥብ ግድግዳና እርጥብ እንጨት ላይ የሚበቅል ሻጋታ በዝቶበታል። "ሻጋታ የሌለበት አቧራ የለም" አለች፣ "ያንቺ ግን ዓይነቱም ብዛቱም ከውጭ የገባ አይመስልም። የት እንዳለ አቧራው አይነግረንም። መኖሩን ብቻ ነው።" ክንዴን በመርፌ ጫፍ ነካክታ የተለያየ ፈሳሽ አደረገችበት፤ የሻጋታው ቦታ እንደ ትንኝ ንክሻ አበጠ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ እዚህ በኻኻ የሚሉትን፣ አዘዘችልኝ። "መድኃኒቱ ያግዝሻል" አለች። "ምንጩ ካልተገኘ ግን ስትስቢው ልትኖሪ ነው። እስከዚያ መስኮቱን ክፈቺ።"

ቤቴ ገብቼ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሙሉ በጥርሷ የበጠሰችው ስኮች ጫፉ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። ስልክ ከደወለችልኝ ቀን ወዲህ ቤቴ አልገባችም። መላጥ አቃተኝ። አንድ ቀን ሙሉ ዞርኩት። በመጨረሻ ስልጠው ከነቀለሙ ተነሣ፤ መስኮቱ ሲከፈት የሮባቤክያው ጩኸት ገባ፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ ከነአህያው። እሱን የማያውቅ ካይሮን አያውቅም፤ እኔ ክረምቱን ሙሉ አልሰማሁትም ነበር።

ያልታየ ግድግዳ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። ዘበኛችንን ዓም ሐሰንን ጠራሁ።

"ያ ሲት በላይ፣ ማዳም ትገድለናለች" አለ ኒሹን እያየ።

"እኔን ጀምራኛለች፤ እርስዎን ትጨርስ።"

"እኔ ልጆች አሉኝ።"

"ያዙ ዓም ሐሰን! ሲኒ እንዳይሰበር ብቻ ይጸልዩ።"

ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አውጥተን ፍራሽ ላይ ደረደርን፤ ልጆቹ ይተኙበት የነበረው ፍራሽ ላይ። ከዚያ ጎተትነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ደረት ድረስ ጥቁር ነው። ጸጉር አብቅሏል። የኒሹ ጀርባ እርጥብ ዳቦ መስሎ አብጧል። ከላይ ያለው ቤት የመታጠቢያ ቧንቧ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚወርደው፤ ዝም ብሎ ሲያለቅስ ኖሯል። ራሴን አሳርፍ የነበረበትን ትራስ አየሁ፤ ከዚያ ግድግዳ እጅ ቢዘረጋ ይደርሳል።

"ያ ሳቲር ያ ረብ" አለ ዓም ሐሰን፣ "ጌታዬ ሰውረን" ማለቱ ነው፤ እጅጌውን አፉ ላይ አድርጎ።

ማዳም ናዲያ ተጠርታ መጣች። እንደገመትኩት መጀመሪያ ወደ ሲኒዎቹ ሮጠች። ቆጥራ ስትጨርስ ወደ ግድግዳው ዞረች።

"ይሄ የናንተ ምግብ እንፋሎት ነው!"

"ማዳም፣ እኔ ወጥ የምሠራው ከኒሹ ጀርባ አይደለም። አትንኪው አልሽኝ፣ አልነካሁትም።"

የኒሹን ጀርባ በጣቷ ነካችው። እንጨቱ ተፈረፈረ። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ገዝታ የሰጠቻት እንደሆነ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ከፍታ እንዳላየችው ነገረችኝ። "እንዳለ ይቆይልኝ ብዬ ነበር" አለች። ሻይ አፈላሁላት። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሁለታችንም ኮታችንን እንደለበስን ጠጣን። ውሉ ሳያልቅ ብወጣ አትይዘኝም፤ በዚያው ተስማማን።

አሁን ያለሁት እዚያው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ነው። ጠባብ ናት፣ አሳንሰር የላትም፣ ፀሐይ ግን ትገባለች። መጀመሪያ ስገባ በየፎቁ እየተቀመጥኩ ነበር የምወጣው፤ ጎረቤት የሆነ ነገር የምለምን መስሎት ሳንቲም ሊሰጠኝ ነበር። ቀስ በቀስ መቀመጫዎቹ ቀነሱ። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማርፈው፤ እሱም ለወሬ ነው። በኻኻው ከቦርሳዬ አይለይም፤ ዶክተሯ አስሙ እንዳለ ነው፣ አትዘናጊ ብላኛለች። በርበሬዬም ተመልሷል። ከበረንዳው ቅርጫት በገመድ አወርዳለሁ፤ ደረጃ መውጣት የሰለቻት ገዢ ከታች ትወስዳለች። ከልጆቹ የተመለሱ አሉ፣ ያልተመለሱም አሉ። ያልተመለሱት እንዲህ ቀርተው ይቀራሉ መሰለኝ። ፍራሾቹን ግን አልሸጥኳቸውም፤ ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ።

ለሚያነበኝ ሰው የምለው ይህን ነው። ከቤት ስትወጣ የሚሻልህ፣ ስትገባ የሚብስብህ ሕመም ካለ ለሐኪምህ እሱን ንገረው፤ ቀልድ ቢመስልህም ንገረው። ከትልልቅ ዕቃ ጀርባ እይ። ቤቱን አሽትት፤ አፍንጫህ ከለመደ ከውጭ የመጣ እንግዳ ጠይቅ። ብርድን ፍራ፣ እኔም እፈራለሁ። እርጥብ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ግን ከንፋስ የባሰ ነው። ሌላው ነገር፣ አቧራ ውሰድ ከተባልክ አትንፋው።

ሙሉ ባለፈው እሑድ መጣች። ለማዳሟ ቤተ ክርስቲያን ነኝ ብላ ነው። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ገና ሳትስመኝ መስኮቱን አየች።

"እትዬ! ደግሞ ክፍት?"

"ክፍት ነው። ተቀመጪ።"

"ይሄ ንፋስ ይገድልሻል! ስኮቹ የታለ?"

"አለቀ። ሙሉ፣ ታሞ የነበረው ቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።" ነገርኳት፤ ቧንቧውን፣ ኒሹን፣ አቧራውን። ስለ ወንፊቱ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ያሸግኩት..."

"አንቺ ያሸግሽው ብርዱን ነው። ሻጋታው ከኒሹ ጀርባ ነበር።"

ውሸት አይደለም። እውነቱ ሁሉም አይደለም። ለናንተ ሁሉንም ነግሬያለሁ፤ እሷ ማንበብ አትወድም፣ ብታነበውም የኔ ልጅ ናት፣ ይቅር ትለኛለች።

ብርድ ልብስ አመጣች፤ ሁለታችንም አንድ ላይ ተጠቅልለን፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ እያጉረመረመች በላን። አመሻሹ ላይ ማይክሮባሷ እንዳያመልጣት ተነሣች። ሽሮዋን ያዘች፤ ሳመችኝ፤ ጫማዋ ደረጃው ላይ እየራቀ ወረደ። የድሮው ቤቴ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ነበር ሁሉም ነገር ጸጥ የሚለው። በሩ ሲዘጋ ያበቃል፤ ከዚያ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው።

ፍራሹን ላነሣ ጎንበስ ስል ከታች ከመንገዱ፣ ከመኪናው ጥሩምባ በላይ፣ የሙሉ ድምፅ በአማርኛ ሲጮህ ሰማሁ።

"እትዬ በላይ! ዝጊው እንጂ! ብርድ ነው!"

መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ እንደሚያይ ገመትኩ። መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ፤ እጄን ባወዛውዝ ታየኝ ነበር። ዝም አልኩ፤ ደግማ ትጥራኝ ብዬ።